ኮፈን ሳይከፈት ኦሞራቴ ደርሶ መልስ

ባለፈው ሳምንት ከአርባ ምንጭ የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከቤቴ ፊት ለፊት ፈላ። ኮፈኑን ብድግ ሲያደርጉት ነጩ እንፋሎት አጥሬን አልፎ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ዝገት፣ የተቃጠለ ዘይትና ጣፈጥ የሚል ውሃ የተቀላቀለበት ሽታ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ላላረጀ ሰው ላስረዳው አልችልም። ሹፌሩ ጎረምሳ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከባለንብረቱ ጋር ይጨቃጨቃል እንጂ ሞተሩን ዞር ብሎም አላየው። «ፋዘር፣ ውሃ ይኖርዎታል?» አለኝ። ሞተሩ በረድ ሳይል እንዳይደፋበት ተቆጥቼ ጀሪካኑን ሰጠሁትና ተመለስኩ። ምሳ ቀርቦልኝ ነበር፤ አልወርድልህ አለኝ። ልጆቼ አባባ አሞታል ብለው ተጨነቁ። አላመመኝም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ማቴዎስ ይመጣብኛል፤ ማቴዎስ ከመጣ ደግሞ ያ ቀን ለእኔ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ጂንካ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ከጎፋ በጭነት መኪና ላይ፣ አንድ ጆንያ መፍቻና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ። ያኔ ጂንካ ማለት አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። ከተማው መሃል ሣር የለበሰ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ ቤቶች ከበውት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ፍየሎቹን እያባረርን፣ ሲሄድ ወደ ኳሳችን እየተመለስን እንኖር ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ዛሬ አንድ ሳምቡሳ በማይገዛ ገንዘብ ሊትር ናፍጣ ይቀዳል። የወንዶቹ ፋሽን ጂንስ ጃኬት ነው፤ ሙቀት ሆነ ብርድ አይወልቅም። ሸራ ጫማ በጠመኔ ይነጣል፤ ሱሪ ሰፊ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ግን የሚገባ ነገር የለም። ሻይ ቤቶቹ ትልልቅ ቴፕ በራቸው ላይ ያቆማሉ፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ድምፁን ይጎትታል። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ዘፈን አልሰማም እላለሁ፤ ነገር ግን ሻይ ቤቱ ከጋራዤ አጥር ማዶ ስለነበር የዚያን ዘመን ግጥም በሙሉ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። አሁን በአሮጌው ሜዳ አውሮፕላን አይወርድም፤ አዲሱ ማረፊያ ሌላ ቦታ ነው። ከተማው በባጃጅ ተሞልቶ መንገድ መሻገር ጭንቅ ሆኗል። አደገች ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ። እኔ የማውቃት ጂንካ ግን ከሞተች ቆየች።

ማቴዎስ የአሪ ልጅ ነው። አባቱ ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ እንሰት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። እሱ ግን ዶማ ከመያዝ መሪ መያዝ ይሻለኛል ብሎ ገና ጢም ሳያወጣ ከቤት የወጣ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ሰው የጣለውን አንድ አሮጌ የጃፓን ፒክአፕ ገዝቶ በዲመካ መስመር ዕቃ ይጭን ነበር። የተዋወቅነው ተጣልተን ነው። «መኪናህ ዘይት ትጠጣለች» ስለው «አንተስ ሻይ አትጠጣም?» አለኝና ሳቄን አመጣው። ከዚያ በኋላ ጋራዤን ቤቱ አደረገው። መኪናው ደህና በሆነበት ቀን እንኳ ይመጣና የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ ስሠራ ያየኛል። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ሰው ስሠራ አጠገቤ ሲቆም አልወድም። እሱን ግን ሲዘገይ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

የጂንካ ሹፌሮች ሥራ በዚያን ጊዜ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ መንዳት ማውራት ነበር። የማን ሞተር ይበልጣል የሚለው ክርክር አያልቅም፤ አንዳንዴም ብርጭቆ ይሰበርበታል። በመጨረሻ ውድድር አበጁ። ፍጥነት አይደለም፤ ያ መንገድ ፍጥነት የሚወድ መንገድ አልነበረም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ኮፈንህን ሳትከፍት ኦሞራቴ ደርሰህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጂንካ ትመለሳለህ ወይ? ከጂንካ ቁልቁል ቀይ አፈር ከተማ፣ ከዚያ ዲመካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ፤ በዚያው መንገድ ሽቅብ መልስ። ዛሬ በመስታወት ታጥረው ቀዝቃዛ አየር እየነፋላቸው የሚሄዱበት መንገድ ያኔ ድንጋይ፣ ዱቄት የሚመስል አቧራና ጎማ የሚውጥ የደረቅ ወንዝ አሸዋ ነበር። ቆላው ሲገባ የመሪው ላስቲክ እንኳ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ደንቡ ጥብቅ ነበር። ማለዳ ሜዳው ዳር ኮፈኖቹ በቀጭን ሽቦ ይታሰራሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አንጠባጥበን ማኅተም አድርገንበት ነበር። ቱርሚ ሳይደርሱ የሁሉም ሰም ቀልጦ ወረደና ማን ከፈተ ማን አልከፈተ እየተባለ አገር ሽማግሌ ድረስ ተካሰስን። በሚቀጥለው ዓመት የሽቦውን ጫፍ ለጫፍ በየድነው። እንግዲህ ውሃ መጨመር የለም፤ ዘይት ማየት የለም። ሹፌሩም ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ረዳት ከጫነ ረዳቱ በመንገድ አንድ ነገር ይነካካል ተብሎ ተከለከለ። መካኒኮች ደግሞ ዲመካ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ እጃችን ሰው እያየው፣ መኪኖቹ ሲወርዱና ሲወጡ እንጠብቃለን። ስንስቅበት የነበረ ደንብ ነው። አሁን ሳስበው ሰውን ለብቻው በረሃ መስደድ የማን ሐሳብ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈው ሐጂ ሰይድ ሲገቡበት ነው። ሐጂ ዲመካ ላይ ፍየል የሚገዙ ነጋዴ ናቸው፤ ፍየሎቹን ወደ አርባ ምንጭ ይልካሉ። ፍየል በቆላ ሙቀት የተበላሸ መኪና ላይ ቆሞ አይውልም፤ ያልቃል። ሰውየው በዚህ ነገር የተቃጠሉ ናቸውና ሻይ ቤት መጥተው «ኮፈኑ ሳይከፈት የተመለሰውን መኪና ዓመቱን ሙሉ እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። ዓመት ሙሉ ቋሚ ጭነት ማለት በዚያን ጊዜ ለአንድ ሹፌር ቤት መሥራት ማለት ነው። ማቴዎስ በዚያ ዓመት ቱርሚን አልፎ ብዙም ሳይሄድ ሞተሩ ነከሰ፤ ደርቆ ቀረ። በገመድ ተጎትቶ ሲመለስ የሻይ ቤቱ ሰው በሙሉ ወጥቶ አጨበጨበለት። እሱም ድዱን አሳይቶ ሳቀ፤ እጁን አውለበለበ። ጋራዥ ከገባን በኋላ ግን በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስቱ ብዙነሽ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። «ደሳለኝ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ካጣሁ ይቺን መኪና ሸጬ አባቴ ዘንድ እገባለሁ። አባቴ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? ምንም አይለኝም። ዶማውን ነው የሚያቀብለኝ» አለ። እኔም «ሌላ ዓመት አለ፣ ሞተር እሠራልሃለሁ» አልኩት። በዕድሜዬ ከአፌ ከወጣው ቃል ሁሉ ያንን የሚመልስልኝ ባገኝ።

አዲስ ሞተር የሚገዛ አቅም እኔም እሱም አልነበረንም። ከሦስት የሞቱ ሞተሮች አንድ ሕያው ለማውጣት ተነሳሁ። አንደኛው የአንድ ፕሮጀክት መኪና ሞተር ነው፤ ወይጦ አካባቢ ገደል ገብቶ ከርሞ ዶሮ እንቁላል የሚጥልበት ሆኖ ነበር። ማቴዎስ እሱን ለማምጣት ወይጦ እየተመላለሰ ስንት ቀን በትንኝ መሃል አደረ። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታ የምንለውን፣ ኮንሶ ላይ ከቆመ ሌላ መኪና አወረድነው። የሞተሩ አከርካሪ የሆነውን ዋና ሻፍት ከነከሰው ሞተር አውጥቼ አርባ ምንጭ አስቀርጬ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተመለስኩ፤ ጭነት ላይ ወርውረው ያጣምሙብኛል ብዬ። ሌሎቹ መካኒኮች ለውድድር ሲያዘጋጁ ጉልበት ይጨምራሉ። እኔ ቀነስኩ። ከራሱ ሥር የሚገባውን መገጣጠሚያ ንጣፍ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ወፍራሙን መረጥኩ፤ ናፍጣውን አሳነስኩ፤ የጭነት መኪና ራዲያተር ቆራርጬ ፊቱ ላይ ተከልኩ፤ አየር የሚስብበትን አፍ ከፍ አድርጌ በሴቶች ስቶኪንግ ሸፈንኩት፤ ከአቧራው የሚሸሽገው እንዲሆን። ዳገት ላይ አህያ ይቀድመዋል ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ አልኩ። እኔ ጉልበት አልሰጠሁትም፤ ዕድሜ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ብዙነሽ ሕፃኗን አዝላ ቆጮ ይዛልን መጥታ ነበር። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል እኩል እየመታ ሲሄድ ማቴዎስ ኮፈኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቀረ። እሷ «እኔን እንኳ እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም» ብላ ሳቀች። ደስታ ብዬ የማውቀው ያን ቀን ነው። ሌላ የለኝም።

የውድድሩ ዕለት ማለዳ ጂንካ ደመና ነበር። ማቴዎስ ጂንስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ፤ ሁሉም እንደዚያ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ኮፈኑን አሰሩለት፤ ሽቦውን በየዱት። እኔ አስቀድሜ ዲመካ ወርጄ ነበርና ሲያልፍ ያየሁት እንደ ነፋስ ነው፤ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጥበቃ። እኩለ ቀን ላይ ወሬ መድረስ ጀመረ። አንዱ ከቱርሚ ወዲህ ፈልቶበት ሽቦውን ቆርጧል። አንዱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሞተሩን አቃጥሏል። ከዚያ ከኦሞራቴ የሚመለስ የጭነት ሹፌር እየሳቀ ወረደ። «የእናንተ ማቴዎስ ጉድ ነው!» አለ። «ኦሞራቴ፣ ሰው ወንዝ ዳር ልብሱን አውልቆ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ጃኬት ቆልፎ ፎጣ ጠምጥሞ መጣ። ምን ሆነህ ነው ስንለው፣ ሞተሬ ስለማይሞቅ እኔን በረደኝ አለን።» ዛፉ ሥር የነበረው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልዱን እየተቀባበሉ ደጋገሙት፤ ሐጂ ሰይድ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ። ሞተሬ ተመስግኖ ሰማሁና ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

መኪናው ሲደርስ አቧራው ሳይበርድ ሮጬ ሄድኩ። ሞተሩ እኩል ይመታል፤ ሙቀቱን የሚያሳየው ቀስት ልኩ ላይ ቆሟል። ማቴዎስ ግን መሪውን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ይጋጫል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማቴ፣ ምን ሆነሃል?»

«በርዶኛል።»

«ዲመካ ላይ ነው እኮ ያለኸው!»

«ወይጦ የያዘችኝ ወባ ናት። ትናንት ነው የጀመረችኝ። ውሃ ስጠኝ።»

ውሃውን ግማሹን ጃኬቱ ላይ አፈሰሰው። «ውረድ» አልኩት። «ጤና ጣቢያው ያውልህ። ክኒን ውሰድና ተኛ።»

«ፀሐይ ብትጠልቅስ?»

«ትጥለቅ! ሌላ ዓመት አለ።»

«ባለፈውም እንዲህ ነበር ያልከኝ።» ወደ ኮፈኑ በአገጩ አመለከተኝ። «ስማው እስኪ። ይሄ ሞተር እየሄደ እኔ ምን ብዬ ነው የምቆመው? ብዙነሽን ምን ልበላት? ሞተሩ ደህና ነበር፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት ልበላት? እሱ ከቆመ እቆማለሁ።»

እጄን በመስኮት ሰድጄ ቁልፉን ልነቅል ስል አንጓዬን ያዘኝ። እጁ ከጋለ ማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫ፣ ይብሳል፤ ይፋጃል። ያ ሁሉ ትኩሳት ይዞት ያን ኃይል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ አላስነካኝም። ዙሪያው ያለው ሰው ማቴዎስ ደንብ እንዳልጥስ የከለከለኝ መስሎት «አይነካም! አይነካም!» እያለ ይጮህብኛል። እኔም እጮሃለሁ፤ ማን ይስማኝ። ካምቢዮ አስገባና ሄደ። አጨበጨቡለት።

ወደ ጂንካ የሚወጣ የጭነት መኪና አግኝቼ ፍየሎች መሃል ቆሜ ተከተልኩት። ያንን መንገድ እንዴት እንዳለፍኩት እግዚአብሔር ያውቃል። እንዲበላሽ ጸለይኩ። እኔ፣ በእጄ ፋሻ የምንላቸውን ቀለበቶች ፒስተኑ ላይ አንድ በአንድ የገጠምኩት ሰውዬ፣ ጌታ ሆይ አቁመው፣ ጌታ ሆይ አንድ ቱቦ በጥስ እያልኩ ጸለይኩ። በየጠመዝማዛው አንገቴን አስግጌ ነጭ እንፋሎት እፈልጋለሁ። ኮፈኑ ተከፍቶ ማቴዎስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ ባየው፣ ወርጄ እግሩን በሳምኩ። መንገዱ ላይ የዘይት ጠብታ እፈልጋለሁ፤ አንድ ጠብታ የለም። ቀይ አፈር ላይ ሲጠይቁልኝ «እሱማ ድሮ አለፈ፣ ሞተሩ እንዴት ደስ ይላል!» አሉን። ሰው ሁሉ የሞተሩን ማማር ይነግረኛል። ፍየሎቹ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

እኔ ስደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። የነገሩኝ እንዲህ ነው። ፀሐይ ዳገቱ ላይ ልትጠልቅ ስትል ፒክአፑ ብቅ አለ፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ሜዳው ዳር ሰልፉ መሃል ቆመ። ከዚያ ረጅም ጥሩንባ ነፋ። ሰዉ የድል መስሎት እልል አለ፤ ዘለለ፤ ኮፈኑን ደበደበ፤ ሽቦው እንዳለ መሆኑን አይቶ ጨፈረ። ጥሩንባው ግን አላቆም አለ። በር ሲከፍቱ ማቴዎስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። ሆስፒታል ስገባ ብዙነሽ እግሩን ይዛ ተቀምጣለች። ወባዋ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታበታለች አሉን። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አላጓደሉም፤ ጠዋት ቢመጣ ኖሮ አሉ፣ እኩለ ቀን እንኳ ቢሆን። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ በአሪኛ አባቱን ጠራ። እኔን አላወቀኝም። ሳምንቱ ሳያልቅ ደጋው ላይ፣ የአባቱ እንሰት ጥግ ቀበርነው። አባቱ ምንም አላሉም።

ውድድሩ ይቅር ብሎ የወሰነ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሽቦ ይዞ የመጣ ሰው ጠፋ፣ በቃ። ሐጂ ሰይድ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ፒክአፑን ያዙት። ብዙነሽ ሹፌር ቀጠረች። እነሆ ያ ሞተር ዓመት ከዓመት ዲመካ ወርዶ ይወጣል። ልጆቹን አሳደገ፤ አስተማረ። ትልቋ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትሠራለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ትስመኛለች፤ ስትስቅ የአባቷ ድድ ይታየኛል፣ ዞር እላለሁ። በዚያ ዘመን ከጂንካ ሞተሮች በሙሉ እሱ ብቻ ነበር ተጎትቶ የማያውቀው። ሰዎች ሥራዬን ሲያደንቁ ያንን ይጠቅሱልኝ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ ሞተር ከፍቼ ሠርቻለሁ፤ ቤት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፤ ግን አንድም ሞተር ደስ ብሎኝ አላስነሳሁም።

የማቴዎስ ልጆች ከፍ ካሉ በኋላ አንድ ቀን ብዙነሽ ራሷ ከሹፌሩ ጋር ዘይት ልታስቀይር መጣች። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ቆማ ስሠራ ታየኝ ጀመር። ፀጉሯ ሸብቷል። ከዚያ «ወንድም ደሳለኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ዕለት የሌሎቹ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ሚስቶቻቸው ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ባሎቻቸው ግን ማታ ገብተው እራታቸውን በሉ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም። «አንተ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲቆም አድርገህ ብትሠራው ምን ነበረበት?»

ዘይቱን ሞላሁ፤ እጄን ጠረግሁ፤ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ወዲያው ተነሳ።